ሂሊየም የሚንሸራተትበት ሳህን

የአውሮፕላን ትኬቴ ለሐሙስ ነው። እስከዚያ ቤይሩት፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ውስጥ፣ ጓደኛዬ ዘሀራ ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር በተከራየችው ክፍል አንዱን ፍራሽ ይዤ ተቀምጫለሁ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ዘሀራ ወደ ጣሪያው እያመለከተች «ያንቺ መጣ» ትለኛለች። ሥራ ፈትቼ ስለማላውቅ እጄ አላርፍ አለኝ። ትናንት ደብተር ገዛሁ፤ ይህን የምጽፈው በዚያ ላይ ነው።

አገር ቤት ስገባ የሚጠብቀኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ይህን ሁሉ ዓመት ቤይሩት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ይሉኛል። የሰው ቤት ብላቸው ግማሹ እውነት ነው። ጋዝ ስለካ ኖርኩ ብላቸው ደግሞ የምድጃ ጋዝ የምሸጥ ይመስላቸዋል። እህቴን አንድ ጊዜ በስልክ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። «አየር እንዴት ነው የሚንሸራተተው? አንቺ ልጅ ደህና ነሽ?» አለችና ወደ ጎረቤት ሰርግ ወሬዋ ተመለሰች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሉባባ እባላለሁ፤ የባቲ ልጅ ነኝ። ቤይሩት የመጣሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የገባሁት ቨርደን ሰፈር፣ ማዳም ሐናን ቤት ነበር። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ንጽሕና ላይ ግን አበደች ቢባል ይቀላል። ነጭ መሐረብ ጣቷ ላይ ጠቅልላ የበሩን አናት ጠረግ ታደርግና መሐረቡን ታሳየኛለች። ብርጭቆ አጥቤ ስጨርስ አንድ በአንድ እያነሳች በመስኮቱ ብርሃን ታያለች። «ሉባባ፣ ሹ ሃይዳ?» ትላለች፤ ምንድነው ይሄ ማለቷ ነው። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ በስድስት ወር ውስጥ የምታሳየኝ ነገር አሳጣኋት። ያን ጊዜ በሆዴ ስንት ረገምኳት! ዛሬ ግን የሙያዬን ግማሽ ያስተማረችኝ እሷ መሆኗን ሳልመሰክር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ማዳም ሐናን ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ኡስታዝ ናዲም ይባላሉ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሺያህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሥር ሁለት ክፍል ይዘው ላቦራቶሪ ከፈቱ። መድኃኒት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ምርታቸውን የሚያደርቁት አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ነው። ምን ያህል አየር እንደቀረ የሚያሳዩ መለኪያዎቻቸውን ኡስታዝ ዘንድ እያመጡ ያስመረምሩ ነበር። የኪራዩ ገንዘብ ከዚያ ይወጣል። የኡስታዝ ልብ የነበረው ግን ከኋላው ክፍል ነው።

ማዳሜ በየማክሰኞው ለጽዳት ወደዚያ ትልከኝ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ኡስታዝ በሩ ላይ ተቀብለውኝ፣ ቀጭን ናቸው፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«የፊቱን ክፍል እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ቢንቲ። የኋላውን ግን ወለሉን ብቻ። ጠረጴዛዋን እንዳትነኪብኝ። ፓርዶን፤ ማዳምሽ ብትመጣም አላስነካትም።» ቢንቲ ልጄ ማለት ነው።

ወለሉን ስወለውል ዓይኔን ማን ይከለክለዋል? ጠረጴዛው ላይ ትልቅ የብርጭቆ ቆብ ተደፍቷል። ቆቡ ውስጥ እንደ ጸጉር ከቀጠነ ሽቦ ላይ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታህል የብረት ሳህን ተንጠልጥላለች። ከላይዋና ከታችዋ ሳይነኳት የተጠጉ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ብረቶች አሉ። ሽቦው ላይ ትንሽ መስታወት ተለጥፏል። የመብራት ጮራ መስታወቱ ላይ ያርፍና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ረጅም ማስመሪያ ይወረወራል። ኡስታዝ ከውጭ ማግኔት አስጠግተው ሳህኗን ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው ይለቋታል። እሷ ወዲህና ወዲያ ስትዞር የብርሃኑ ነጥብ በማስመሪያው ላይ ይመላለሳል፤ ምልልሱም እያጠረ ይሄዳል። ከጠረጴዛው በታች ደግሞ አየር የሚመጥ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል።

ላቦራቶሪ ሠራተኛ ያደረገኝ ግን የመብራት መጥፋት ነው። ቤይሩት የኖረ ያውቀዋል፤ መብራት በሰዓት ይመጣል፣ በሰዓት ይሄዳል፣ የሰፈሩ ጀነሬተር እስኪነሳ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ፓምፑ በዘይት ነው የሚሠራው። ቧንቧው ክፍት እያለ ድንገት ከቆመ ባዶው ቆብ ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ያኔ ሳህኗም ብርጭቆውም ዘይት ይጠጣሉ፣ የወር ሥራ ገደል ይገባል። መብራት ሲሄድ ኡስታዝ ሮጠው ቫልቭ ሲዘጉ፣ ከዚያ የፓምፑን ትንሽ ቧንቧ ሲከፍቱ ሁለት ሦስት ማክሰኞ አይቻለሁ። አንድ ቀን እሳቸው መጸዳጃ ቤት እያሉ ሊፍቱ በመሃል ቀጥ ሲል ሰማሁ። መወልወያዬን ጥዬ ገባሁ፤ ቫልቩን ዘጋሁ፣ ትንሿን ቧንቧ ከፈትኩ። ኡስታዝ እየሮጡ ሲመጡ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ ቆሜያለሁ።

«ጠረጴዛውን አልነካሁም፣ ኡስታዝ» አልኩ።

ቫልቩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ሲያደርጉ አየሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ተማሪዎቼን ይህን ለማስተማር ዓመት ይፈጅብኝ ነበር» አሉና ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

በሚቀጥለው ወር ከእህታቸው ጋር ተነጋግረው ተያዥ አሠሪዬ፣ ከፊል የሚሉት፣ እሳቸው ሆኑ፤ የመኖሪያ ፈቃዴም፣ ኢቃማዬ፣ ወደ ስማቸው ተዛወረ። ማዳሜ አኩርፋ «ሳህን ከምታጥቢበት ከእኔ ቤት ወስዶሽ ሳህን ሊያሳጥብሽ ነው» አለችኝ። አልተሳሳተችም።

ኡስታዝ ሲያስተምሩ እንዲህ ነው ብለው አይነግሩም። በመጀመሪያው ሳምንት የብርሃኑ ምልልስ በግማሽ እስኪያጥር ሳህኗ ስንት ጊዜ እንደምትዞር አስቆጠሩኝ። ቆቡ ሙሉ አየር እንዳለው አርባ አንድ ሆነ። የአየሩን ግማሽ መጠጡና «አሁንስ ስንት የሚሆን ይመስልሻል?» አሉኝ። ግማሽ አየር ግማሽ ጉተታ ነዋ፤ ሰማንያ ግድም ይሆናል አልኩ። ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ። መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው እንደ ልጅ እየሳቁ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ማርን ከውኃ የሚለየው ወፍራምነት አለ አይደል? ዝልግልግነት በይው። ጋዝም አለው። ግን የጋዝ ነገር ጉድ ነው! ቅንጣቶቹ ቢቀንሱም የቀሩት እንደልብ ከሩቅ እየመጡ ይጎትታሉ። ስለዚህ ጉተታው አይቀንስም። ያኒ፣ ማለቴ፣ ጥቂት ሠራተኛ ብዙ ሥራ።»

«ይሄንንስ አውቀዋለሁ» አልኩ፤ ማዳሜ ቤት ብቻዬን ነበርኩና።

አየሩ በጣም ሲሳሳ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። እዚያ ላይ ጋዙ የሳህኗን ፊት ይዞ መጎተት ያቅተውና ይንሸራተታል። ሳህኗ ብዙ ጊዜ ትዞራለች፤ ቁጥሩ ይወጣል። ምን ያህል እንደሚንሸራተት የሚወስነው ደግሞ የጋዙ ዓይነትና የፊቷ ንጽሕና ነው። የቆሸሸ ፊት ጋዙን ይይዘዋል፣ የጠራ ፊት ያሳልፈዋል። ሂሊየም ከሁሉም በላይ የጠራ ፊት ይወዳል። ይህን የሰማሁ ዕለት እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ዘለለ። ስቀጣበትና ስሰደብበት የኖርኩት ሥራ እዚህ ቤት በቁጥር ይለካል ማለት ነው!

ማጠቡን ተረከብኩ። በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ከዚያ በአሴቶን፣ ከዚያ በአልኮል፣ መጨረሻ በተጣራ ውኃ። ጨርቅ ፈጽሞ አይነካትም፤ ጨርቅ ክር ይተዋል። ንጽሕናዋን የማውቀው በውኃ ነው። የጠራ ብረት ላይ ውኃ እንደ አንሶላ ወጥ ሆኖ ይተኛል። ቅባት ካለበት ግን ውኃው ይሸሻል፣ ይቋጠራል፣ ጠብታ ይሆናል። አንዲት ጠብታ ከተቋጠረች እንደገና ከሳሙናው እጀምራለሁ። ኡስታዝ አምስት ጊዜ ስመላለስ ቆመው እያዩ አንድም ቀን «ይበቃል» ብለውኝ አያውቁም።

ሳህኗን ይዤ ስወጣ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሊባኖሶች ገላውን ታጥቦ የወጣን ወይም ጸጉሩን የተስተካከለን ሰው «ነዒመን» ይሉታል፤ ድሎት ይሁንልህ እንደማለት ነው። ኡስታዝ ለሳህኗ ይሏታል። ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ዝቅ ብለው፣ በሙሉ ቁምነገር «ነዒመን!»። እሷ አፍ የላትምና መልሱ የእኔ ነው፤ «አላህ ይንዒም ዓለይክ፣ ኡስታዝ»፣ ለእርስዎም ድሎት ያድርግልዎ እንደማለት። ይህ ሳይባል ሥራ አይጀመርም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ወደ ኋላው ክፍል ሲገቡ ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን በሩ አጠገብ ባለች ማስቀመጫ ላይ ያኖራሉ። ስንለካ እሳቸው የማስመሪያውን ጫፍ ያያሉ፣ እኔ ዙሩን በልቤ እቆጥራለሁ። ብርሃኑ ከግማሹ መስመር ሲጎድል «ኸላስ!» ይላሉ፣ በቃ ማለታቸው ነው፤ ያኔ ቁጥሬን በቀለም እጽፋለሁ። በልጅነቴ መድረሳ ስለቀራሁ የዓረብኛው ቁጥርም ፊደልም አይቸግረኝም። ስንት እንደሚጠብቁ አስቀድመው ነግረውኝ አያውቁም። «ጆሮሽ ከሰማ ዓይንሽ ይታዘዛል» ይሉኛል። የተጻፈ አይሰረዝም፣ ገጽ አይቀደድም። መጥፎውም ቁጥር ከነቀኑ እዚያው ይኖራል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር መጣሁ።

ውጭ አገር ያለ አንድ ትልቅ ላቦራቶሪ ራሱን ጨምሮ ለአራት ቦታዎች አንድ ዓይነት ሳህን አድሎ የሂሊየሙን መንሸራተት ሁሉም እንዲለኩ ጠየቀ። ከአራቱ አንዱ እኛ ነን፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት የባቲ ሴት። የእኛ ቁጥር ሰባ ስምንት መጣ። የሦስቱ ግን በእኛ መሣሪያ ቢታሰብ ሰባ አንድ ነው ተባለ። ደግመን ለካን፣ ሰባ ስምንት። እንደገና፣ ሰባ ስምንት። ከውጭ የሚመጡት ደብዳቤዎች ጨዋ ነበሩ፤ ጨዋነታቸው ግን ያቃጥል ነበር። ምናልባት መለኪያዎ አርጅቶ ይሆናል ይላሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ፋብሪካዎቹ ጆሮ ቢደርስ ማን መለኪያውን ለእኛ ያምናል? ኡስታዝ ምሳቸውን እየተዉ መሄድ ጀመሩ።

በዚህ መሃል አረፋ ደረሰ። ከአገር የመጣች ልጅ ለዘሀራ ለጋ ቅቤ ይዛላት ነበር። የበዓሉ ዕለት እዚህ አሁን የተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ ዘሀራ ጸጉሬን ፈትታ ቅቤውን እስከ ሥሩ አጠጣችኝ። ስንት ዓመቴ ነበር ያንን ሽታ ካጣሁት! እንባዬ መጣ። በማግስቱ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ሥራ ገባሁ።

ሙቀቱ የነሐሴ ነው። ሳህኗን አጠብኩ፣ በውኃው አየኋት፣ ጠራች። መብራቱ ሊሄድ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ ኡስታዝ «ያላ ሉባባ፣ ያላ» እያሉ ያጣድፉኛል። ግንባሬ ላይ አንድ ነገር ወረደብኝና በአውራ ጣቴ ወደ ሻሼ ገፋ አደረግኩት። ጓንት አድርጌያለሁ ብዬ ተማምኛለሁ። ጓንት እጄን እንጂ ሳህኗን ከእኔ እንደማይጠብቃት አላሰብኩም። በዚያው ጣት ሳህኗን ይዤ ሽቦው ላይ ሰቀልኳት። ቆቡን ደፋን፣ የቀረ እርጥበት እንዲወጣ አሞቅናት፣ አየሩን መጠጥን፣ ሂሊየሙን ለቀቅን።

«ኸላስ!» አሉ ኡስታዝ።

ሰባ አንድ ጻፍኩ።

ደብተሩን ሲያዩ ቀና አሉ። ደግመን ለካን፤ ሰባ አንድ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። የውጮቹ ወዲያው የደስታ መልስ ላኩ። በሚቀጥለው ጠዋት ኩናፋ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝተው መጡ፤ የሕንፃው ዘበኛ ሳይቀር በላ። እኔም በላሁ፣ ጣፈጠኝም።

በሳምንቱ ሳህኗን ላጥባት አወረድኳት። የማየው ነገር ይኖራል ብዬ ሳይሆን በልማድ ከሳሙናው በፊት ውኃ አፈሰስኩባት። ውኃው በአንድ ቦታ ሸሸ። የሸሸው ቦታ የአውራ ጣት ቅርጽ አለው፤ ከእሱ ዙሪያ ደግሞ ፊቷ ሁሉ ጥቃቅን ጠብታ ተቋጠረበት። ሙቀቱ ቅቤውን በፊቷ ላይ በትኖታል። አውራ ጣቴን አስጠጋሁበት፤ ልክክ አለ። ያ ሁሉ ደስታ የእኔ ቅቤ ነው።

ምን አደረግኩ? ዙሪያዬን አየሁና አጠብኩት። ዝም አልኩ።

ዘሀራን አማከርኳት። «አበድሽ እንዴ?» አለችኝ። «ሰውየው ተደስቷል፣ የውጮቹ ተደስተዋል፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ? ኢቃማሽ በእጁ ነው። ነገ ‹ያላ፣ ማጣር› ቢልሽ የት ትገቢያለሽ? እኔን እዪኝ እስቲ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር ሰፈር ይቀይራል። ዝም በይ።» ማጣር አውሮፕላን ማረፊያው ነው። እሷም ከማዳሟ ቤት ወጥታ ያለወረቀት ስንት ዓመት ስለኖረች የምትናገረውን ታውቃለች። ፈራሁ። ሁለት ሳምንት ፈራሁ።

ችግሩ ሳህኗ መዋሸት አለማወቋ ነው። የታጠበችው ሳህን ስትሰቀል ሰባ ስምንት ሆነች። ኡስታዝ ደነገጡ። ደገሙ፤ ሰባ ስምንት። ማስመሪያውን በመነጽር፣ ያለ መነጽር፣ ቀርበው፣ ርቀው አዩት። ሦስት ቀን እንዲህ ሆኑ። በአራተኛው ቀን በስልክ ከእህታቸው ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ፦

«ሐናን፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዢልኝ። ያኒ፣ መስመሩን አላየውም መሰለኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ። ብርሃኑን የማያይ ሰው ምን ይለካል? የወሩ መጨረሻ ላይ እዘጋዋለሁ።»

ስልኩን አስቀምጠው የፊቱ ክፍል ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀለበታቸውንና ሰዓታቸውን አድርገዋል። ወደ ኋላው ክፍል አልገቡም።

ያን ጊዜ ኢቃማውም ማጣሩም ከሐሳቤ ጠፋ ብል ውሸት ነው፤ አልጠፋም። ሁለቱንም እያሰብኩ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ኡስታዝ፣ ዓይንዎ ደህና ነው» አልኩ።

«ከየት አወቅሽ?»

«ሰባ አንድ የሆነ ዕለት ሳህኗ ቅባት ነበረባት። ጸጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነበር።»

«ሹ ቅቤ?»

«ሰምኔ።»

«ምግብ ላይ የሚገባውን? ጸጉር ላይ?»

«እኛ አገር ለበዓል እንቀባለን። በጓንቱ ግንባሬን ነካሁ፣ ከዚያ ሳህኗን ያዝኩ። ሳወርዳት ውኃው ሸሸ። ጣቴን አየሁት።»

«መቼ ነው ያወረድሻት?»

«ሁለት ሳምንት ሆነ።»

ቀለበታቸውን ጣታቸው ላይ አዞሩ። ከዚያ «በየትኛው እጅ?» አሉ።

«በቀኝ።»

«በየትኛው ጣት?»

«በአውራ ጣት።»

«ቅቤው ቀርቷል?»

«ዘሀራ ጋ አለ።»

«ያላ፣ አምጪው።»

በሰርቪስ ታክሲ ወደ ቡርጅ በረርኩ። ዘሀራ በር ላይ ስታየኝ «አባረረሽ?» አለች። «ቅቤውን ስጪኝ» አልኳት። ጤንነቴን እየተጠራጠረች ከነብልቃጡ ሰጠችኝ።

ሳህኗን አጥቤ በውኃ አሳየኋቸው፤ ጠርታለች። ጓንቴን አደረግኩ፣ ጣቴን ቅቤው ላይ ነካ አድርጌ እንደዚያን ዕለቱ ያዝኳት። ሰቀልናት፣ አሞቅናት፣ መጠጥን፣ ሂሊየሙን ለቀቅን። ኡስታዝ «ኸላስ!» አሉ። ሰባ አንድ። እንደገና፤ ሰባ አንድ።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሳቅ ቀደማቸው።

«ሉባባ፣ ገባሽ? ያኒ፣ እነሱም ጋ ቅቤ አለ።»

«የእኛ ቅቤ?»

«የፓምፕ ዘይት ይሁን፣ የእጅ ይሁን፣ የሆነ ቅቤ። የሦስቱም ሳህን ቆሽሿል።»

በዚያው ቀን ለውጮቹ ጻፉ። ሰባ አንድ ያልኩትን ሰርዙልኝ፣ ሳህኔ ቆሽሾ ነበር፣ የጠራው ሳህን ሰባ ስምንት ነው፣ እባካችሁ የእናንተንም እዩት። እየተረጎሙ ሲያነቡልኝ «የእኔ ስም አለበት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የቆሸሸው የእኔ ላቦራቶሪ ነው» አሉ። ስማቸውን ብቻ ፈረሙ። ተደስተው የተቀበሏቸውን ሰዎች ለማሳፈር፣ ራሳቸውንም ለማዋረድ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀባቸውም። እኔ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር። ኮታቸውን ሲያነሱ «ጣትሽ ምንም አይደለም» አሉኝ። «ሁለቱ ሳምንት ግን... ዓይኔን ጠላሁት እኮ፣ ቢንቲ።» ሌላ ነገር አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አላባረሩኝም፣ ኢቃማዬም በጊዜው ታደሰ። ምሳ አብረን እንበላለን፣ «ሜርሲ» ይሉኛል፣ ሥራው ይሠራል። ሳህኗን አጥቤ ስወጣ ግን «ነዒመን» ቀረ። ተቀብለው ያዩዋታል። እኔም ወደ ደብተሬ እሄዳለሁ። በዚያ ዓመት፣ እዚህ ሥራ ላይ እስካለሁ ቅቤ አልነካም ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ ለበዓልም፣ ለሰርግም። ዘሀራ «ጸጉርሽ እንደ ገለባ ደረቀ» እያለች ትስቅብኛለች። ይድረቅ!

ከውጭ መልስ ሳይመጣ ወራት አለፉ። የሞኝ ሥራ የሠራን መሰለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ግን መልእክተኛ አንድ ሳጥን አመጣ። ኡስታዝ ሲከፍቱት በወረቀት የተጠቀለለ ሳህን ወጣ። የትልቁ ላቦራቶሪ የራሱ ሳህን ነው። ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተረጎሙልኝ፦ አጥበን ስንለካ ቁጥራችን ወደ እናንተ መጠጋት ጀምሯል፣ ግን እናንተ ጋ አልደረሰም፤ እባክዎ ሳህናችንን የእርስዎ ላቦራቶሪ አጥቦ ይለካልን፣ የሚያጥበውም ያው ሰው ይሁን።

«ያው ሰው አንቺ ነሽ» አሉ።

ከመነካቷ በፊት ውኃ አፈሰስኩባት። ተቋጠረ! ባሕር ማዶ ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ያጠባት ሳህን ላይ ጠብታ እንደ ዶቃ ተደረደረ። ማዳም ሐናን ትዝ አለችኝና «ሹ ሃይዳ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ሳሙና፣ አሴቶን፣ አልኮል፣ የተጣራ ውኃ። ጠብታ ስትቋጠር እንደገና። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። በሰባተኛው ውኃው አንሶላውን ዘርግቶ ተኛ። በመቆንጠጫ ይዤ ወደ ኋላው ክፍል ወጣሁ።

ኡስታዝ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ዝቅ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ነዒመን» አሉ።

መልሱን ትቼ፣ ሳህኗ እንዳትወድቅ በሁለት እጄ መቆንጠጫውን ያዝኩ። ያን ቀን ቁጥሩ ሰባ ስምንት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርተናል። አርጎን፣ ናይትሮጅን፣ በወርቅ የተለበጠ ሳህን፣ የመስታወት ሳህን። ከሌሎች አገሮችም ሳጥን ይመጣ ነበር፤ ምርምራቸው ሲታተም የኡስታዝ ስም ይኖርበታል፣ ከሥሩም በትንሽ ጽሑፍ «ሳህኖቹን ያጠበችው» ተብሎ የእኔ። ኡስታዝ ናቸው ያስጻፉት። አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። አዲሱ መሣሪያ ዙሩን በጨረር ራሱ ይቆጥራል፣ «ኸላስ» የሚል ሰውም አይፈልግም። ሪም የምትባል ዲግሪ ያላት ልጅ ትሠራበታለች። ማጠቡን አስተምሬያታለሁ። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ አስለቅሻታለሁ፤ ማዳም ሐናን ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር። የእኔ ጉልበትና ወገብ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር እየገባ መውጣቱን እምቢ ብለዋል። በቃ ብዬ ወጣሁ።

ትናንት ለመሰናበት ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ዘሀራ ጸጉሬን ፈታች። ቅቤው ከአገር የመጣ ነው፣ ለጋ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ራሴ ቅቤ ጠጣ። ሺያህ ደርሼ የላቦራቶሪውን በር አንኳኳሁና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆምኩ።

ኡስታዝ ራሳቸው ከፈቱ። አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት።

«ግቢ እንጂ፣ ቢንቲ።»

«አልገባም፣ ኡስታዝ። ጸጉሬ ቅቤ አለው።»

ደፉ ላይ ቆመው ትንሽ አጎንበስ አሉ፣ ሽታውን ሳቡት። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፣ እንደዚያ ለሳህኗ እንደሚያደርጉት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ነዒመን፣ ያ ሉባባ።»

«አላህ ይንዒም ዓለይክ፣ ኡስታዝ» አልኩ፤ ይህን ጊዜ መልሱን አልተውኩትም።

ሁለታችንም አለቀስን፣ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሪም ከኋላው ክፍል ጠራቻቸው። ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ማስቀመጫዋ ላይ አኖሩ፣ በእጃቸው ደህና ሁኚ አሉኝ፣ ሽታው እንዳይገባም በሩን ጥብቅ አድርገው ዘጉት።